ድምፄ የጠፋበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ አገኘሁ! ደግሜ ልጻፈው፤ ሥራ አገኘሁ። የስልክ ማዞሪያ ክፍላችን ተዘግቶ፣ «ከእንግዲህ ማሽኑ ያገናኛል» ተብለን ከተሰናበትን ወዲህ ቤት ተቀምጬ ከድስት ጋር ሳወራ የከረምኩ ሴትዮ፣ ዛሬ የምርምር ተቋም ውስጥ የራሴ ወንበርና አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አለኝ። ፎቶው ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ፎቶ አንሺው «አይሳቁ» ቢለኝም አልቻልኩም።

ባለቤቴ መታወቂያውን አገላብጦ አየና፣ «እሺ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለጥናት የሚመጡ ሰዎችን እቀበላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም እላለሁ።»

በሳቅ ሶፋው ላይ ተንጋለለ። «ሬዲዮ! ዝም በይ ብለው ደመወዝ ሊከፍሉሽ ነው? እኔኮ ይኼን ሁሉ ዘመን በነፃ ስለምንሽ ነው የኖርኩት!»

ሬዲዮ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከገበያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ገበያ። ሌላ መስመር ሲሰጡት «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ የመለሰ ሰው ነው። ይሳቅ። የኔ ነገር ገና ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ ልጅቷ ሁሉን አስረዳችኝ። ልጅቷ ስል የጥናቱን ባለቤት ማለቴ ነው፤ ዶክተር ናት፣ ግን ፊቷ የተማሪ ፊት ነው፣ ምሳዋንም ቆማ ነው የምትበላው። እኔ «ዶክተር» እላታለሁ፣ እሷ «እትዬ» ትለኛለች።

ክፍሉ እንዲህ ነው። አንድ ወንበር አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ እንደ ፖስታ ሣጥን ያሉ አራት ትንንሽ በሮች አሉ። አንዱ ነጭ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር አንዲት ብይ ይሰጣል፤ ጨምሮም ቀንሶም አያውቅም። ሦስቱ ባለ ቀለም ናቸው፤ አንዳንዴ እፍኝ ሙሉ ብይ ይተፋሉ፣ አንዳንዴ ባዶ ናቸው፣ አመላቸውም ይለዋወጣል። መብራቱ እስኪጠፋ ሰውየው የፈለገውን ይከፍታል። በመጨረሻ ብዩን በስጦታ ይለውጣል፤ እስክሪብቶ፣ ቸኮሌት፣ ብዙ ላገኘ ደግሞ ጃንጥላ። ዶክተር በሚቀጥለው ክፍል ሆና የትኛው በር ስንቴ እንደተከፈተ በኮምፒውተር ታያለች። ድምፅ ግን አትሰማም፤ ሰዎቹ እንዳይሳቀቁ ብላ ማይክራፎን አላስገባችም።

የኔ ሥራ ካርዷን ማንበብ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ። መብራቱ እስኪጠፋ የፈለጉትን በር ይክፈቱ። ያገኙት ብይ የእርስዎ ነው።» አለቀ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለም። ፈገግታ የለም። ራስ መነቅነቅ የለም።

«ትንሽ ባጫውታቸው ምን ይጎዳል?» አልኳት።

«ይጎዳል፣ እትዬ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሰው ማንም ሳይገፋው፣ ከራሱ ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሄድ እንደሆነ ነው።»

ለምንድን ነው ግን የምንሄደው? አልኳት። ወይ ዓይኗ ሲበራ! «‹የማያውቁት አገር አይናፍቅም› ይባል የለ? እኔ ደግሞ የማያውቀው የሚናፍቀው ሰው ነው የማየው» አለች። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ሰው ፍሬ እየለቀመ ሲኖር፣ ከሚያውቀው ዛፍ ሥር ንቅንቅ ያላለው ዛፉ የደረቀ ዕለት ሞተ። ሲዞር ብቻ የኖረውን ደግሞ አውሬ በላው። እኛ ሁለቱም ጠባይ ካለባቸው፣ ከተረፉት የተወለድን ነን። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ፤ ሽልማቱ እጅ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ገና «ምናልባት እዚያ ይኖር ይሆን?» ስንልም ይነሣል። «ምናልባት ናት የምትገፋን» አለችኝ።

እንዴት ደስ ይላል! ለባለቤቴ ስነግረው፣ «እኔን ዛፌ ሥር ተዪኝ» ብሎ ዜናውን ከፈተ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ደክሞኛል፤ በአጭሩ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መጡ። አንዲት ልብስ ሰፊ ነጩን ከፈተች። ደግማ ነጩን። ደግማ ነጩን። ዞራ አየችኝ። «አይዞሽ፣ ያንን ክፈቺው፤ አይነክስሽ» አልኳት። አመለጠኝ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቀዩን ስትከፍት ብዩ ተንዠቀዠቀ። እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

አንድ ቃል ናት። አንድ ቃል ምን ታደርጋለች?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዶክተር ዛሬ ወረቀቷን እያውለበለበች መጣች። «እትዬ፣ ሰዎቻችን ጉድ ናቸው! ነጩ በር ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከጠበቅኩት በግማሽ ያንሳል። ያገኙትን ትተው ወደ ማያውቁት!»

«የወንበሩ ምቾት ይሆናል» አልኳት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ወንበሩ ምን አደረገ? ደግሞ ምቾት የለውም።

ደስ ብሎኛል። እሷ ስትደሰት ነው ደስ የሚለኝ። አይዞህ የምለው ለሁሉም አይደለም፤ ዞሮ ለሚያየኝ ብቻ ነው። ሁሉም ዞሮ ያያል እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ የካቲት 17

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ስጦታቸውን ይዘው ሲወጡ ሰማኋቸው።

«ያቺ ሴትዮ እናቴን መሰለችኝ። ‹በል እንጂ!› ስትለኝ እጄ ራሱ ነው የሄደው።»

«እኔንም! ነጩ ላይ ተጣብቄ ልቀር ነበርኮ።»

ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደስ ማለቱ ደስ አላለኝም። የማዞሪያ ሴት ነበርኩ፤ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው የለመድኩት። መስመሩ ላይ ዝም ያለ ሰው ሲገጥመኝ «ሃሎ፣ ይናገሩ፣ እሰማዎታለሁ» ማለት ሥራዬ ነበር። በሁለት ሳምንት እንዴት ይለቃል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ትልቅ ዜና! ከባሕር ማዶ አንድ ታላቅ ቤተ ሙከራ የዶክተርን የመጀመሪያ ውጤት አይቶ «ነይና ከእኛ ጋር ሥሪ» ብሏታል። ውጤቱ እስከ መጨረሻው እንዲህ ከቀጠለ፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እዚህ አለቃዋ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቿ ፊት ካቀረበች በኋላ ትሄዳለች፤ የራሷን ጥናት ትመራለች።

«ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅምኮ፣ እትዬ» አለችኝ። «ሰው ለምን ከቤቱ እንደሚወጣ ሳጠና ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።»

አቀፍኳት። እኔም አሥራ ሁለተኛ ስጨርስ ሩቅ ከተማ የነርስ ትምህርት ቤት ደርሶኝ ነበር። እናቴ «እዚያ ማን አላት?» አለች። ማንም አልነበረኝም። ቀረሁ። ይኼ ደግሞ አሁን ምን ያመጣዋል? ስለ እሷ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ድምፄ ጠፋ። ጉንፋን። እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ነው የምለው። ሐኪሙ «ሹክሹክታም ክልክል ነው» አለ። ባለቤቴ ለሐኪሙ ምስጋና ሊልክ ነው።

ሥራ ሄድኩ። ካርዷን በእጄ እሰጣቸዋለሁ፣ ያነባሉ፣ ይቀመጣሉ። አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኛለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ይኼንን በደንብ ልጻፈው፤ ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ሰዎቹ ነጩ በር ላይ ተቀመጡ። አንድ ሁለቴ ሌላውን ይነካካሉ፣ ባዶ ሲሆን ወደ ነጩ። ዞረው ያዩኛል። የሚያዩት ዓይን ብቻ ነው። ተመልሰው ነጩን። ብይ፤ ብይ፤ ብይ። እኔ እዚያ ቆሜ ካርዷን ሳጥፍ ስዘረጋ ዋልኩ።

ዶክተር ግራ ገባት። «ምን ሆኑ ሰዎቹ? ዝናቡ ነው? ማስታወቂያው ሌላ ዓይነት ሰው ጠርቶ ይሆን?» የበሮቹን ማጠፊያ ፈታ ዘይት ቀባች። ብዮቹን በሳሙና አጠበች። ወንበሩን ሳይቀር ቀየረች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እዚህ ግን እኔ አብዬ አጠገቧ ቆሜ ዝም ብያለሁ። ሐኪሙ ስለከለከለኝ ነው ዝም ያልኩት። እስክሪብቶ ግን አልከለከለኝም።

ዝናቡም ሊሆን ይችላል። ሲዘንብ ሰው ይፈዛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ድምፄ ተመለሰ። ውጤቱም ተመለሰ። ውጭ አሁንም እየዘነበ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ዛሬ ጠዋት ማልኩ። ካርዷ ብቻ። አንድም ቃል የለም። ከንፈሬን በጥርሴ ይዤ ሦስት ሰው አሳለፍኩ። ሦስቱም ነጩ ላይ።

አራተኛው የጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ ጣቶቹ ላይ ያለው ግራሶ ታጥቦ የማይለቅ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። ነጩን ሲከፍት ብይዋን ቀስ ብሎ ያነሣታል፣ መዳፉ ላይ ያስቀምጣታል፣ እጁን ወደ ሰማያዊው ይዘረጋል፣ ይመልሳል። ደግሞ ይዘረጋል። ይመልሳል። ዞሮ አየኝ፤ እንዲህ የሚያክል ሰው!

«በል እንጂ፣ የኔ ወንድም፣ ክፈተው» አልኩት።

ይኼኛው አላመለጠኝም። አስቤ ነው ያልኩት። ምን እንደሚያደርግ እያወቅኩ ነው ያልኩት።

ሲወጣ ጃንጥላውን ዘርግቶ «እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ዛሬ ቀኔ ነው!» አለኝ። ዶክተር ከወዲያኛው ክፍል በር ብቅ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እኔም አሳየኋት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዶክተር ሻንጣ ለመግዛት አብሪያት እንድሄድ ለመነችኝ። «እኔ ሻንጣ ምን አውቃለሁ፣ ገዝቼ አላውቅም» አለች። እኔስ ገዝቼ አውቃለሁ? ግን ሄድኩ፤ እንደሚያውቅ ሰው ጎማውን አሽከረከርኩ፣ ዚፑን አስሬ ከፍቼ ዘጋሁ። ሻጩ «እናትየዋ ጠንቃቃ ናቸው» አላት። አላረመችውም።

ቡና ቀለም ያለውን ወሰድን። መንገድ ላይ ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እሷ ትስቃለች። «እትዬ፣ ያ ድምፅዎ የጠፋበት ሳምንት ብቻ ነው የሚያሳስበኝ። ብቻውን የወጣ ሳምንት ነው። ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

አሁን ተናገሪ፤ አሁን፤ አልኩ በልቤ። ከዚያ ስለ ጎማ አወራሁ። ስለ ጎማ ይኼን ያህል የሚወራ መኖሩን አላውቅም ነበር። ቤቷ በር ድረስ አወራሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ለባለቤቴ ነገርኩት። ምግቡን አቁሞ ሰማኝ፤ እሱ ምግብ አያቆምም።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ልጅቷ ትሄዳለች?»

«ዝም ካልኩ ትሄዳለች።»

«በይ ስሚኝ፣ ሬዲዮ። ዕድሜ ልክሽን ዝም በይ ስልሽ አልሰማሽኝም። አሁን ግን አንዴ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝም በይ። ልጅት ደስ ብሏታል፣ አንቺ ሥራ አለሽ፣ ሰዎቹ ቸኮሌታቸውን በልተዋል። ማን ተጎዳ?»

«እዚያ ሄዳ ደግማ ስትሠራውስ? እዚያ እኔ የለሁም። እዚያ ሰዎቹ ነጩ ላይ ይቀመጣሉ። ያኔ እሷ ናት ውሸታም የምትባለው፤ በሰው አገር፣ ለብቻዋ።»

ማንኪያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ይኼን አላሰብኩትም» አለ። ዜናውንም አልከፈተም። ቤታችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ነገርኳት።

ጠዋት ነው፤ ሰው ሳይመጣ። ተንበርክካ የሰማያዊውን በር ብሎን ታጠብቃለች።

«ዶክተር፣ እኔ እናገራለሁ።»

«ምን?»

«ለሰዎቹ። አይዞህ፣ ክፈተው እላቸዋለሁ።»

መፍቻው እጇ ላይ ቆመ። «ለየትኞቹ?»

«ለሁሉም ማለት ይቻላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ድምፄ ከጠፋበት ሳምንት በቀር።»

ቀስ ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አልጮኸችም። መፍቻውን መሬት አስቀምጣ፣

«ከዚያ ሳምንት በኋላስ?» አለችኝ።

«በኋላም።»

«አውቀው?»

«አውቄ።»

ስንት ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ማዞሪያው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ። አንዱንም አላልኩም፤ «አውቄ» ከሚለው በኋላ የሚገባ ቃል አልነበረም።

የዕለቱን ሰዎች ይቅርታ ጠይቃ መለሰቻቸው። እኔ ግን ሂጂ አልተባልኩም። ስጦታዎቹን በካርቶን ስከት ዋልኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ለባሕር ማዶዎቹ ጻፈች። «ውጤቱ አይታመንም» ብላ። በአንድ ደብዳቤ። ስትልከው እዚያው ነበርኩ፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተጫነችው። ማንም «በይ እንጂ» አላላትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ዛሬ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቀኑ ቀድሞ የተያዘ ስለሆነ «የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ እርስዎም ይምጡ» ብላኝ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረቃ ቀይሮ አጠገቤ መጣ፤ ኮቱን ለብሶ።

ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ሥዕሎቹን አሳየች፤ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ ጉድጓዱ፣ ከዚያ እንደገና ከፍ። «ይኼ የሰው የማወቅ ጉጉት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የሚያበረታታ ሰው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድምፁን መስማት ነበረብኝ» አለች።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ማን ነበር የሚናገረው?» አሉ።

«ከቡድኑ አንድ ሰው።»

ስሜን አላነሣችም። ወደ እኔም አላየችም። ባለቤቴ ጉልበቴን ያዘኝ። ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ፕሮፌሰሩ በየዋህነት፣ «ምን ነበር የሚሏቸው?» አሉኝ።

«አይዞህ፣ ክፈተው።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። ፕሮፌሰሩም ፈገግ ብለው፣ «ሕፃን እንኳ እናቱ አጠገቡ ስትኖር ነው ራቅ ብሎ የሚድኸው። ይኼ ራሱ ግኝት አይደለም ወይ?» አሏት።

አዎን በይ፣ አልኩ በልቤ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ዶክተር። «ግን ለማን፣ መቼ፣ ስንቴ እንደተባለ የተያዘ ነገር የለም። ስለዚህ አናውቅም።»

አናውቅም። የሁለት ወር ሥራዋ በዚያች ቃል አለቀ። ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መሐረብ ሰጠኝ፤ ራሱ ከተጠቀመበት በኋላ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ዛሬ ክፍሉን አብረን አፈረስነው። በሮቹን ነቀልን፣ ብዮቹን በከረጢት ሞላን። ብዙም አላወራንም። እሷ ያዢ ትለኛለች፣ እኔ እይዛለሁ። አንቺ ማለት የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም። ቅርበት ይሁን ቅያሜ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ልንጨርስ ስንል ስልኳን አውጥታ አየች። «ባሕር ማዶዎቹ መለሱልኝ» አለች። «ስለ እውነቱ አመስግነዋል። የራስሽን ጥናት መምራት አይሆንም፤ ከፈለግሽ ግን በረዳትነት ለአንድ ዓመት ነይ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ላለው ምንም ቃል አይገቡም። እዚህ ከቀረሁ ደግሞ ፕሮፌሰሩ የማስተማሩን ሥራ ይሰጡኛል፤ ቋሚ ነው። ባሕር ማዶዎቹ እስከ ማታ መልስ እንድሰጥ ነው የሚፈልጉት።»

ከረጢቱን ይዛ ቆመች። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ስንቱ እንደዚያ አይቶኛል! ያቺ የለመድኳት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ ትኩስ፣ ዝግጁ። ደግሞ ያቺ ቃል ምን እንዳደረገቻት አስታወስኩ። አንድ ጊዜ የማይገባኝን ተናግሬ ሁለት ወሯን በላሁባት፤ አሁን ዓመቷን ልብላባት? ማንም ሳይገፋት ትወስን። ይኼንን አይደል ማወቅ የምትፈልገው? መሬቱን አየሁ። የብሎኖቹን ቀዳዳ አየሁ።

ጠበቀችኝ። ረጅም ነበር።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ምን እንደምትመልስላቸው አላውቅም። አሁን መሽቷል፤ መልሳላቸው ይሆናል።

ባለቤቴ «ጎበዝ፣ ዝም ማለት ቻልሽ» አለኝ።

አዎ። ቻልኩ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ሰው ላይ አይዞህን ሳፈስ ከርሜ፣ ለእሷ አንዲት አይዞሽ እንኳ ሳልላት ሄደች።